የበጎ አድራጎት ገንዘብና የባላገሩ ሥልጣን

ለተቸገረ ሰው እጅን መዘርጋት በሰው ልጅ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን መስጠት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይደለ አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ስጦታ የተቀባዩን ጉልበት አጽንቶ፥ በገዛ እግሩ አቁሞ፥ ነገ ደግሞ እርሱ ራሱ ለሌላው እንዲተርፍ ያደርገዋል። ሌላው ስጦታ ግን የዕለቱን ረኀብ ቢያስታግሥም፥ ተቀባዩ የሰጪውን እጅ ሲመለከት እንዲኖር፥ አሳቡንም ሥራውንም ለሰጪው ፈቃድ አሳልፎ እንዲሰጥ ያስለምደዋል። የሁለቱ ልዩነት በገንዘቡ ማነስና መብዛት አይደለም፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባና በሥራው ላይ የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ ነው እንጂ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ገበሬው አዝመራው ሲደርስ ጎረቤቶቹን በደቦ ጠርቶ፥ ወይም በወንፈል ተራ ገብቶ ያጭዳል፤ ይወቃል። ለቀብርና ለኀዘን ዕድር፥ ለገንዘብ ችግር ዕቁብ አለው። በዕድር ውስጥ ያለ ድኻ በየወሩ የሚያዋጣው ጥቂት ገንዘብ ቢሆን እንኳ፥ ዳኛውንና ጸሐፊውን የሚመርጠው እርሱ ነው፤ የገንዘቡም ሒሳብ በጉባኤ ፊት ሲነበብ ይሰማል፤ ያልተስማማበትንም ነገር ቆሞ ይናገራል። ወገኑ ሲሞትበት ከዕድሩ የሚመጣለት ርዳታ እንደ ምጽዋት የማያሳፍረው ስለዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ዛሬ ግን በአንድ መንደር ዕድር የማይቻል ችግር በዓለም ላይ ተነሥቷል። በኤውሮፓና በአሜሪካ ፋብሪካ ከተስፋፋበት ጊዜ ጀምሮ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ያለ መጠን ሲቃጠል ኖረ። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር በምድር ዙሪያ እየተከማቸ፥ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይበርድ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ስለሚይዘው፥ የዓለም ሙቀት ጨምሯል፤ የዝናቡም ወራት ተዛብቷል። በአንዱ አገር ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፥ በሌላው አገር ምንጭ ይደርቃል። በኢትዮጵያም በቦረናና በሶማሌ ቆላ ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወራት ዝናቡ ስለ ቀረ፥ አርብቶ አደሩ የሀብቱ መሠረት የሆኑትን ከብቶች በብዛት አጥቶ፥ ቀዬውን ለቅቆ ለመሰደድ ተገድዷል።

በዚህ መከራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ነገር የዕዳው አከፋፈል ነው። መላው የአፍሪካ ክፍለ ዓለም በየዓመቱ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ይኸው አየር ተሰፍሮ ቢታይ፥ ድርሻው ከመቶ 4 እጅ የሚበልጥ አይደለም። በቦረና ጥላ ሥር ተቀምጦ የከብቱን ሬሳ የሚቈጥረው ሽማግሌ ፋብሪካ አልተከለም፤ አውሮፕላን አልነዳም፤ የቤቱም መብራት ኩራዝ ነው። ያላጠፋው ሰው ካሣ ሲከፍል፥ ያጠፋው ሰው ደግሞ በብልጽግና ሲኖር ማየት ነገሩን የአየር ጠባይ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄም ያደርገዋል። ስለዚህ ባለጠጎች አገሮችና ባለጠጎች ሰዎች ለዚህ ነገር የሚያወጡት ገንዘብ እንደ ምጽዋት ብቻ ሊቈጠር አይገባውም፤ የዘገየ ዕዳን እንደ መክፈልም ነው።

በእውነቱ በውጭ አገር ያሉ ገባሬ ሠናይ ማኅበሮችና ባለጠጎች ይህን ዕዳ ጨርሰው ረስተውታል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ለበጎ አድራጎት ከሚሰጠው ገንዘብ ውስጥ የአየር ጠባይ መለወጥን ለመግታት የሚውለው ከመቶ 2 እጅ እንኳ እንደማይሞላ ነገሩን የሚከታተሉ ሰዎች ጽፈዋል። ከዚህም ከጥቂቱ ውስጥ ደኑን ከሚጠብቀውና መሬቱን ከሚያርሰው ሰው እጅ የሚደርሰው ሲታይ የበለጠ ያስደንቃል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ በተደረገው የዓለም መንግሥታት ጉባኤ ላይ አምስት መንግሥታትና 17 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በደን ውስጥ ለሚኖሩ ነባር ሕዝቦችና ባላገሮች በአምስት ዓመት ውስጥ 1.7 ቢሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። ዳሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለእነዚሁ ሕዝቦች ማኅበሮች የደረሰው ከመቶ 7 እጅ ብቻ መሆኑን ሰጪዎቹ ራሳቸው ባወጡት መግለጫ አስታወቁ። በሁለተኛው ዓመትም ይህ ቍጥር አደገ እንዳይባል ወደ 2.1 እጅ ዝቅ አለ፤ በሦስተኛው ዓመት ነቀፌታው ከበዛ በኋላ ከ10 እጅ ጥቂት አለፈ።

የቀረው ገንዘብ ወዴት ሄደ ቢባል፥ ተሰረቀ ለማለት አይደለም። ገንዘቡ ከሰጪው ካዝና ወጥቶ ወደ ትልቅ ድርጅት ይሄዳል፤ ትልቁ ድርጅት ለዋናው መሥሪያ ቤቱ ኪራይ፥ ለዐዋቂዎቹ ደመወዝ፥ ለጉባኤና ለጉዞ ይቀንስለታል፤ ከዚያም ለሁለተኛ ድርጅት ያስተላልፈዋል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ያደርጋል። ውሃ ከምንጩ ብዙ ሆኖ ቢነሣም ቦዩ ረዥም ሲሆን በመንገድ ላይ አፈሩ እየጠጣው ከመጨረሻው ማሳ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ይሆናል። በመጨረሻው ማሳ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ውሃው በስሙ እንደ ተለቀቀ አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚጠይቅበት በር የለውም።

በሌላ ወገን የሰጪዎቹን ምክንያት ሳይሰሙ መፍረድ ትክክል አይደለም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ለተባለው ሥራ መዋሉን ለማወቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። በገጠር ያለ ማኅበር ብዙ ጊዜ የተማረ ሒሳብ ጸሐፊ የለውም፤ በባንክ የሚታወቅ ሒሳብ ላይኖረው ይችላል፤ ሰጪው የሚጠይቀውን ብዙ ገጽ ያለውን ማመልከቻ በባዕድ ቋንቋ መሙላት አይችልም። ለሰጪውም ቢሆን ለመቶ ትናንሽ ማኅበሮች ከማከፋፈል ለአንድ ትልቅ ድርጅት በአንድ ጊዜ መስጠት ድካሙን ያቀልለታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ችግር መፍትሔ የሚፈለግለት እንጂ ባላገሩ ለዘለዓለም በሞግዚት እንዲኖር ምክንያት የሚሆን አይደለም። ሕፃን እንዳይወድቅ ተብሎ ሁልጊዜ ቢታቀፍ መሄድን ከቶ አይማርም።

ባላገሩ ሥልጣን ሲሰጠው ምን መሥራት እንደሚችል የሚያስረዳ ምስክር ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በወላይታ ምድር ሁምቦ በሚባለው ወረዳ ያለው ተራራ ይበቃል። ይህ ተራራ ቀድሞ በደን የተሸፈነ ነበር። ባለፈው ምዕት ዓመት ግን ሕዝቡ እየበዛ፥ ዛፉም ለማገዶ፥ ለከሰልና ለቤት ሥራ እየተጨፈጨፈ ሄዶ ተራራው ራቁቱን ቀረ። ዝናብ በዘነበ ቍጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ከታች ባለው እርሻ ላይ ድንጋይ ይከምር ነበር። ምንጮቹ ነጠፉ፤ ሴቶች ለማገዶና ለውሃ የሚሄዱበት መንገድ ረዘመ። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ በደረሰው ታላቅ ረኀብ ጊዜ ብዙ መከራ ከደረሰባቸው አገሮች አንዱ ይህ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በርዳታ እህል የሚኖረው ሰው ጥቂት አልነበረም።

ወርልድ ቪዥን የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኋላ ከሁምቦ ሕዝብ ጋር ተመካክሮ ሥራ ሲጀምር፥ የመጣው አዲስ ነገር ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ችግኝ አልነበረም። ዛፉ ከላይ ቢቈረጥም ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ ይኖር ነበር። በየዓመቱ ከጉቶው ቡቃያ ያወጣል፤ ነገር ግን ከብት ይግጠዋል፥ ሰውም ለማገዶ ይቈርጠዋል። ገበሬው ከብቶቹን ከተራራው ከልክሎ፥ ከየጉቶው ከሚበቅለው ቡቃያ ጠንካራውን መርጦ በማስቀረትና ደካማውን ቈርጦ በማንሣት ዛፉን መልሶ ያሳድገዋል። ይህ ዘዴ አስቀድሞ በኒጀር አገር በብዙ ገበሬዎች እጅ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነበር። በሁምቦ በደን ከተሸፈነው መሬት ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው የለመለመው በተተከለ ችግኝ ሳይሆን ከነባሩ ጉቶ ነው። ለሥራው የተከለለው መሬት 2,728 ሄክታር፥ በቀድሞው አለካክ 68 ጋሻ ያህል ነው።

ነገር ግን ሥራው ሲጀመር ሕዝቡ ወዲያው አልተቀበለውም። ተራራው ከተከለለ በኋላ መንግሥት ወይም የውጭ ድርጅት ይወስድብናል ብሎ የሚፈራው ብዙ ነበር። ይህም ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በልዩ ልዩ ዘመን ደን በመከለል ስም ባላገር ከግጦሹና ከማገዶው ሲከለከል አይቷል። ይህን ፍርሃት ያራቀው የቃል ስብከት ሳይሆን የሕግ ወረቀት ነው። የየቀበሌው ሕዝብ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበሮች አቋቁሞ፥ መንግሥትም በመሬቱ የመጠቀም መብታቸውን በጽሑፍ አረጋገጠላቸው። ከዚያ ወዲያ ተራራውን የሚጠብቀው ዘበኛ ከከተማ የተላከ ሰው መሆኑ ቀረና፥ የማኅበሩ አባል ራሱ ጠባቂ ሆነ። መቼ ሣር እንደሚታጨድ፥ ማን ምን ያህል ጭራሮ እንደሚወስድ፥ ሕግ የጣሰውም ምን ዓይነት መቀጮ እንደሚከፍል የሚወስነው ማኅበሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ገንዘብ መሠረት ያለው ሆነ። ዛፍ ሲያድግ ያን የሚያሞቀውን አየር ከሰማይ ስቦ በግንዱና በሥሩ ውስጥ ያኖረዋል። የሁምቦ ደን በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል እንዲስብ ተገምቶ፥ ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ውል መሠረት በመዝገብ ሲገባ፥ በአፍሪካ ከዚህ መጠን ካላቸው የደን ሥራዎች የመጀመሪያው ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም የመጀመሪያው ክፍያ 34 ሺህ ዶላር ለማኅበሮቹ ደረሰ። ማኅበሮቹም ገንዘቡን ለእህል ጎተራና ለወፍጮ ቤት ለመሰለው የጋራ ጥቅም ለማዋል መከሩ። ጎተራው ገበሬው በመኸር ጊዜ እህሉን በርካሽ ሸጦ፥ በክረምት በውድ እንዳይገዛ ያደርገዋል። ወፍጮውም ሴቲቱን ከረዥም መንገድ ያሳርፋታል።

በዚህም ቢሆን ሁሉ ነገር መልካም ሆነ ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ገዢዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመክፈል የተዋዋሉት በጠቅላላው ከ700 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህ ለሺሕ ቤተሰቦች ቢካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ለአንድ ቶንም ቢታሰብ 5 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ የሁምቦ ገበሬ በተራራው ላይ የሚደክመው ለዶላሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ በተወው ነበር። እንዲጸና ያደረገው የጎርፉ መቀነስ፥ የምንጩ መመለስ፥ የሣሩና የጭራሮው መገኘት ነው። ይኸውም ገንዘቡ ደጋፊ፥ የባለቤትነት መብት ግን ምሰሶ መሆኑን ያሳያል። ምሰሶው ሳይቆም ድጋፍ ቢበዛ ቤቱ አይሠራም።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በጎረቤት አገር በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ የሚባሉት ምሁር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፥ የገጠር ሴቶች ችግኝ ማፍላት ይችላሉ ብሎ ያመነ የደን ሹም ጥቂት ነበር። ሴቶቹ ግን የአባቶቻቸውን የእርሻ ዕውቀት ይዘው ሥራውን ጀመሩ። ከኖርዌይ የደን ማኅበርና በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ለሴቶች ከተመደበው ገንዘብ ርዳታ ሲገኝ፥ ለእያንዳንዱ ተተክሎ ለጸደቀ ችግኝ ለሴቲቱ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላት ጀመር። ገንዘቡ ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መከፈሉን ልብ ይሏል። በዚህ ዓይነት ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ዛፍ መትከሉን ይገልጻል።

ዛፍ የሚተክሉት ሴቶች ግን ብዙም ሳይቈዩ መሬቱ ለምን እንደ ተራቈተ ሲጠያየቁ፥ ነገሩ ከዛፍ አልፎ ከፍትሕ ደረሰ። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በናይሮቢ መካከል ባለው የሕዝብ መናፈሻ በኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊሠራ ሲታሰብ ዋንጋሪ ማታይ ተቃወሙ። ስለዚህም ነገር ተሰደቡ፤ ማኅበራቸውም ከሚሠራበት የመንግሥት ቤት እንዲወጣ ተደረገ። ሥራው ግን በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ቀጠለ፤ ሕንጻውም ሳይሠራ ቀረ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፥ ዛፍ መትከልን ከሰላም ጋር ምን አገናኘው ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። መልሱም ግልጽ ነው፤ መሬትና ውሃ በትክክል በማይከፈሉበት አገር ሰላም አይጸናም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስሙ ማማር ብቻ የሚረዳ ሰጪ በመጀመሪያው ነቀፌታ ይሸሻል፤ ጽኑ ሰጪ ግን በመከራው ቀን ይታወቃል።

ከዚህም የተነሣ የመንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ላይ ያለው ድርሻ ታላቅ ነው። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621 በሰብዓዊ መብትና በመሰለው ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበሮች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ይወስን ስለ ነበረ፥ ብዙ ማኅበሮች ሥራቸውን ለመለወጥ ወይም ለመተው ተገደው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 ግን ይህን ገደብ አነሣው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከመንግሥት ደን ጋር የማኅበረ ሰብንና የግልን ደን ዐውቆ መብት ሰጥቷል። እነዚህ ሕጎች በሩን ከፍተዋል፤ ነገር ግን በር መከፈቱ ብቻ ሰውን ከቤት አያገባም። በየወረዳው ያለው ሹም የማኅበሩን የምስክር ወረቀት ሳያጓድልና ሳያዘገይ ሲሰጥ፥ የድንበር ክርክርም ፈጥኖ ሲፈረድ ነው ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ተራራ ላይ የሚደርሰው።

ይህ ሁሉ ዛሬ በይበልጥ የሚታሰብበት ምክንያት አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ስለ ሆነ፥ የተተከለው ሁሉ የማን እንደ ሆነ በግልጽ ሲታወቅ ጠባቂ ያገኛል። የማንም ያልሆነ ዛፍ የሁሉም ማገዶ ነው። ከዚህም በላይ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2025 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለብዙ ዘመን ርዳታ ሲያከፋፍል የኖረውን መሥሪያ ቤቱን ስለ ዘጋ፥ በአንድ ትልቅ ሰጪ ላይ ተደግፎ መኖር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ ተረድቶታል። በአንድ ፊርማ የሚቋረጥ ርዳታ ላይ የተሠራ ሥራ ከሰጪው ጋር ይወድቃል፤ ባላገሩ በባለቤትነት የያዘው ሥራ ግን ርዳታው ቢቀንስም ሥሩ አይነቀልም።

ስለዚህ መስጠት የሚወድ ሰው ወይም ድርጅት ሊያስብበት የሚገባው ነገር ግልጽ ነው። የመጀመሪያው፥ ሥራው ከመወሰኑ በፊት ባላገሩን ቀርቦ መጠየቅ ነው፤ በከተማ የታቀደው ሥራ ከመንደሩ ችግር ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነውና። ሁለተኛው፥ ገንዘቡን ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ለረዥም ጊዜ መስጠት ነው፤ ዛፍ በአንድ ዓመት አያድግም። ሦስተኛው፥ ለችግኝና ለመሣሪያ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ ጸሐፊ ደመወዝና ለሒሳብ ትምህርትም መክፈል ነው፤ ሒሳብ የማያውቅ ማኅበር ነገም እንደ ዛሬው በሰው እጅ ይኖራል። አራተኛው፥ መግለጫውን በሀገሬው ቋንቋ መቀበል ነው። የአማርኛ፥ የኦሮምኛ ወይም የወላይትኛ ጽሑፍ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለሰጪው እንደ ሆነ፥ የትርጕሙን ዋጋ ሰጪው ቢከፍል ትክክል ነው።

በተቀባዩም በኩል ግዴታ አለ። ሥልጣን ይሰጠን የሚል ማኅበር ሒሳቡን በአደባባይ ማንበብ፥ ሹማምንቱን በየጊዜው በምርጫ መለወጥ፥ መርማሪ ሲመጣም መዝገቡን ሳይደብቅ ማሳየት አለበት። መንደር ሁሉ እኩል የሚኖርበት አይደለምና፥ በማኅበሩ ስም ጥቂት ባለ ጉልበቶች ጥቅሙን እንዳይወስዱት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተራራ ሲከለል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዱት መሬት የሌለው ወጣት፥ ጭራሮ ሸጣ የምታድር ባልቴትና ከጥቂት ፍየሎች በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ድኻ ናቸው። የእነርሱ ድርሻ አስቀድሞ ያልታሰበበት ሥራ፥ በድኾች ስም ተጀምሮ በድኾች ላይ ይፈጸማል። ፍትሕ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚጠየቅ ሳይሆን በገዛ መንደር ውስጥም የሚፈጸም መሆን አለበት።

ደግሞም መስጠት የባዕድ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ሲጠየቁ፥ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው ለጤና፥ ለትምህርትና ለንጹሕ ውሃ ሥራ የሚውል ገንዘብ አሰባስበዋል። በአገር ውስጥ ያለው ነጋዴ፥ የመንግሥት ሠራተኛና የየሰፈሩ ዕድርም እንዲሁ ተወልደው ያደጉበትን ወረዳ ተራራ ወይም ምንጭ መርጠው ቢረዱ፥ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ረዥም ቦይ አያስፈልገውም። ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ቋንቋ ስለሚናገሩ፥ ሒሳቡን ለመጠየቅም ለመመለስም ይቀላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በተግባር የሚታየው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

በሁምቦ ተራራ ላይ ዛሬ የቆመው ዛፍ ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። ሥሩ ብዙ ዘመን በምድር ውስጥ ተቀብሮ፥ እየተረገጠና እየተጋጠ የኖረ ነው። የበጎ አድራጎት ሰዎች ያደረጉት የሚረግጠው ነገር እንዲነሣለት፥ ሕጉም እንዲጠብቀው መርዳት ነው፤ ያደገው በራሱ ኃይል ነው። በየገጠሩ ያለው ባላገርም ዕውቀት፥ ትጋትና የመተባበር ልማድ ያለው ሕዝብ ነው። ለእርሱ የሚታሰበው ገንዘብ ከእጁ እንዲደርስ፥ በመሬቱም ላይ የሚያዝዘው እርሱ እንዲሆን ማድረግ ለሰጪው ክብር፥ ለመንግሥት ኃይል፥ ለመጪው ትውልድም ዝናብና ጥላ ነው። ይህን ዐውቆ ከቃል ወደ ሥራ መሄድ የሚሰጥም የሚቀበልም፥ የሚያስተዳድርም ሁሉ ፈንታ ነው።